የኢፍጣር ሰዓቱ ድራማ ከየት ይመጣል?

ረመዳን በገባ ቁጥር ወደኛ የሚመጡት ጥያቄዎች ድሮ የታወቁ ነበሩ። መርፌ መወጋት ፆም ያፈርሳል ወይ? ዘካተል ፊጥር በእህል ነው በገንዘብ? የምታጠባ እናት ቀዷዋን መቼ ታውጣ? እነዚህ ዛሬም አልቀሩም። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም፣ ከገበዝ ማርያምም ከየገጠሩም ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ውስጥ የቴሌቪዥን ነገር የማይነሳበት ዓመት የለም። «ሸይኻችን፣ ከኢፍጣር በኋላ ልጆቹ የሚያዩት ድራማ እንዴት ነው? ይፈቀዳል?» ይሉናል እናቶች።

አጭር መልስ መስጠት ይቻል ነበር። ግን ሥጋ ሲቀርብልን «ማን አረደው?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች፣ ድራማ ሲቀርብልን «ማን ሠራው? የት ሠራው? ወጪውን ማን ቻለ?» አለማለታችን ይገርመናል። በተለይ ባለፉት 15 ዓመታት የረመዳን ድራማ የሚሠራበት አገር ራሱ ተለውጧል። ካይሮና ደማስቆ የነበረው ሥራ ዛሬ ወደ ሪያድ፣ ወደ አቡ ዳቢ፣ ወደ ቤሩት፣ ወደ ቱኒዝያ ሄዷል። ስለዚህ ዛሬ ከፈትዋው በፊት ስለ ገበያው እንነጋገር።

የዐረቡ ዓለም የረመዳን ድራማ አሠራሩ ቀላል ነው። ረመዳን 30 ሌሊት ነው፣ ድራማውም 30 ክፍል ይሆናል። ቤተሰብ ከመግሪብ በኋላ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ በዓመቱ ውስጥ ይህን ያህል ሰው በአንድ ሰዓት ማያ ፊት የሚገኝበት ሌላ ጊዜ የለም። ማስታወቂያ አስነጋሪው ይህን ያውቃል። የዘይቱም የስልኩም የመኪናውም ኩባንያ ትልቁን ብር የሚያወጣው በዚህች ሰዓት ነው። አላህ ለዒባዳ ያላቀው ወር ለነጋዴው የዓመቱ ትልቁ ገበያ ሆነ ማለት ነው። የዚህ ገበያ መዲና ለረጅም ጊዜ ካይሮ ነበረች። የግብፅ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የረመዳን የእንቆቅልሽ ዝግጅቶችና ተከታታይ ድራማዎች በዐረብ አገር ሁሉ ተለመዱ። በ1998 ናይልሳት ወደ ሰማይ ሲወጣ ደግሞ ያ ሁሉ በዲሽ አማካይነት እኛ ጋ ደረሰ።

እኛ ጋ ሲደርስ ተርጓሚ አላጣም። ከሳዑዲ፣ ከቤሩት፣ ከኩዌት ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን አሉ። እነሱ ዐረብኛውን በሰው ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በላባቸው የተማሩ ናቸው። ዛሬ ወንበር ስበው ለእናታቸውና ለልጆቻቸው «እንዲህ አለችው፣ እንዲህ መለሰላት» እያሉ ያስረዳሉ። ልጆቹም ይለቅማሉ። መድረሳ ውስጥ «ማዛ» ብሎ መጠየቅ የተማረ ደረሳ አሁን አሁን እንደ ሶሪያዎቹ «ሹ?» ሲለን ከየት እንዳመጣው ማጣራት አያስፈልገንም።

ይህ «ሹ» የደማስቆ ንግግር ነው። ሶሪያዎች ከካይሮ ቀጥለው ሁለተኛው ማዕከል ሆነው ነበር። የሰፈር ሕይወትን የሚያሳየው «ባብ አል-ሓራ» እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምሮ በረመዳን ብዙ ቤት ገባ። በ2008 «ኑር» የተባለው የቱርክ ድራማ በሶሪያ ዐረብኛ ተመልሶ ሲቀርብ ደግሞ የደማስቆ የድምፅ ባለሙያዎች ለቱርክ ድራማ ሁሉ በር ከፈቱ። ከዚያ በ2011 ጦርነቱ መጣ። ተዋናዩ፣ ደራሲው፣ አዘጋጁ፣ ካሜራ ያዡ ተበተነ። ገሚሱ ቤሩት ገባ፤ ሌላው ካይሮ፣ ሌላው ዱባይ። በ2017 የጀመረው «አል-ሀይባ» ሊባኖስ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ግን ሶሪያዊው ተይም ሐሰን ነበር። የሶሪያ መንግሥት በ2024 መጨረሻ ከወደቀ በኋላ ከተሰደዱት መካከል ወደ አገራቸው መመለስ የጀመሩ አሉ። አላህ ያግራላቸው።

ሦስተኛው ማዕከል በባሕረ ሰላጤው ገንዘብ የቆመው ነው። የኤምቢሲን ጉዞ ብቻ ብናይ ታሪኩን ይነግረናል። ጣቢያው በ1991 ለንደን ላይ ተከፈተ፤ በ2002 ወደ ዱባይ ተዛወረ፤ በ2022 ዋና ቢሮውን ሪያድ አደረገ። ለ35 ዓመታት ያህል ሲኒማ ቤት ያልነበራት ሳዑዲ በ2018 ሲኒማ ከፈተች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እዚያ ሄዶ ለሚቀርጽ ካወጣው ወጪ እስከ 40 በመቶ እንደምትመልስ አስታወቀች። አቡ ዳቢ ከዚያ ቀደም ብላ 30 በመቶ ትመልስ ነበር። አንድ ፕሮዲዩሰር ከመቶ ብሩ አርባው ተመልሶለት ካይሮ ተቀምጦ ምን ይሠራል?

ገንዘቡ ያለበት ቦታ የድራማውን ይዘትም ይወስናል። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ኤምቢሲ የቱርክ ድራማዎችን ከነጭራሹ አቋረጠ። ታሪካቸው አላለቀም፤ ተመልካቹም አልጠላቸውም። ሪያድና አንካራ ተኮራርፈው ስለነበር ነው። አንዲት ቡሬ ያለች እናት የጀመረችው ታሪክ መሐል ላይ የተቆረጠባት በሁለት መንግሥታት ጠብ ምክንያት መሆኑን ማን ነግሯት?

የሶሓባዎችን ታሪክ ይዘው የሚመጡት ላይ ጉዳዩ ይጠነክራል። በ2012 ረመዳን የቀረበውን «ዑመር» ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ኤምቢሲና የኳታር ቴሌቪዥን በጋራ ያሠሩት ነው። ጥንታዊቷ መካ የተሠራችው ሞሮኮ ውስጥ ነበር። አዘጋጁ ሶሪያዊው ሓቲም ዐሊ ነው፤ እሱም በ2020 መጨረሻ ካይሮ ውስጥ አረፈ። አል-አዝሀር የሶሓባዎች መልክ በተዋናይ መቅረቡን ተቃወመ፤ በሌላ በኩል ጽሑፉን መርምረው ከፈቀዱት ዑለማኦች አንዱ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ነበሩ። ዑለማኦች ተለያዩ ማለት ነው፤ ልዩነቱም ዛሬም አለ። በ2025 ረመዳን የመጣው «ሙዓዊያ» ደግሞ ቱኒዝያ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ኢራቅ የአገሯ ጣቢያዎች እንዳያሳዩት አገደች፤ አል-አዝሀርም አልተቀበለውም። እኛ እዚህ ላይ ከከለከሉት ጋር ነን። በሶሓባዎች መካከል የተፈጠረውን ፊትና ለመተረክ ዑለማኦች እንኳ አንደበታቸውን ይይዛሉ። ያንን በሾርባና በሳምቡሳ መሐል፣ በሁለት ማስታወቂያ መካከል ለልጅ ማቅረብ ከአደብ የራቀ ነው።

ይህ መፍለስ የዐረቦች ብቻ አይደለም። የፊልም ሁሉ መዲና ነኝ የምትለው ሆሊውድም እየተራቆተች ነው። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ከ2008 ጀምሮ እስከ 30 በመቶ የግብር ቅናሽ ስትሰጥ ቀረጻው ወደ አትላንታ ጎረፈ። የካናዳዋ ቫንኩቨር ከዚያ በፊት ጀምራዋለች፤ እንግሊዝም ትሰጣለች። በ2023 ጸሐፊዎቹና ተዋንያኑ ለወራት ሥራ አቆሙ፤ ሥራው ሲመለስም እንደ ድሮው ወደ ሎስ አንጀለስ አልተመለሰም። ካሊፎርኒያ በ2025 ለፊልምና ለቴሌቪዥን በዓመት የምትሰጠውን ቅናሽ ከ330 ሚሊዮን ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር አሳደገች። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ በተሠራ ፊልም ላይ 100 በመቶ ቀረጥ እጥላለሁ ብለው ነበር።

ይህ ነገር ለቡሬ ሰው እንግዳ አይደለም። የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ የተነገረን ይኸው ነው፤ መሬት ይዘጋጃል፣ መብራት ይገባል፣ የግብር እፎይታ ይሰጣል፣ ከዚያ ባለሀብት ይመጣል። በቆሎና ስንዴ የሚያቀነባብር ፋብሪካ የሚሳበው በዚህ ነው። ድራማም ዛሬ ፋብሪካ ነው። መሬቱ ወዳማረበት ሳይሆን ሒሳቡ ወዳማረበት ይሄዳል።

እኛ ደረሶች ሳለን መጀመሪያ ከሸመደድናቸው ሐዲሦች አንዱ የኒያው ሐዲስ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኒያ ሲያስተምሩ ምሳሌ ያደረጉት ስደትን መሆኑን ልብ በሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቀን፣ ወደ አንድ ከተማ ይሄዳሉ። አንዱ ለአላህ ብሎ፣ ሌላው ለዱንያ ጥቅም። የሁለቱም ዋጋ በያሰቡት ነው። በዚህ ሚዛን ስናየው ከደማስቆ ነፍሱን ይዞ ቤሩት የገባውን ሰው 40 በመቶ ለማስመለስ ሪያድ ከሄደው ኩባንያ ጋር አንድ ላይ አንደምረውም። ንግዱንም ሐራም አላልንም፤ ንግድ ሐላል ነው። ነጋዴ መሆኑን ግን እንወቅ። ኢፍጣራችን ላይ የሚቀመጠው እንግዳ ለኛ ዲን ተጨንቆ የመጣ አይደለም።

ስለ ስደት ካነሳን አንድ የቆየ ፊልም ማንሳት ግድ ይለናል። በዐረብኛ «አር-ሪሳላ» የተባለው፣ ሙስጠፋ ዐቃድ ያዘጋጀውና በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም ነው። ዐቃድ የሐለብ ሰው ነው፤ ሆሊውድ ሄዶ ፊልም ተማረ፣ እዚያው ኖረ። ስለ ነብዩ ዘመን ፊልም ልሥራ ሲል ግን ሆሊውድ ገንዘብ አልሰጠችውም። ወደ ሞሮኮ ሄደ። መካን አስገንብቶ ለወራት ሲቀርጽ ከቆየ በኋላ ሳዑዲ ንጉሡን ተጫነች፤ ሥራው እንዲቆም ተደረገ። ተዋንያኑንና ዕቃውን ጭኖ ወደ ሊቢያ ተሰደደ፤ እዚያ ጨረሰው። የነብዩ መልክም ድምፅም ፊልሙ ውስጥ የለም። ሰውየው ራሱ በ2005 ዐማን ውስጥ ሆቴል ላይ በደረሰ የቦምብ ጥቃት ከልጁ ጋር ሞተ።

ይህን ፊልም ያነሳነው ለአንድ ትዕይንት ብለን ነው። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆሞ ሱረቱ መርየምን የሚያነብበት ቦታ አለ። የኛ ታሪክ ነው። የዚህች አገር ንጉሥ ነው። ገበዝ ማርያም በሚባል ቦታ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ቡና እየተጠራራ የሚኖር ሙስሊም ከዚህ በላይ የሚቀርበው ታሪክ ምን አለ? ታዲያ ያ ችሎት የሐበሻን አፈር አልረገጠም። የተቀረጸው ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ነው። ልጆቻችን የነጃሺን ቤተ መንግሥት የሚያውቁት በባዕድ አገር በተሠራ መልኩ ነው። ያ የሆነው የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ነው፤ ያኔ ካሜራው ከባድ፣ ፊልሙ ውድ፣ ባለሙያውም ጥቂት ስለነበር ማንንም አንወቅስም። ዛሬስ?

ዛሬ የኛ አገር ሥራ ያለው አዲስ አበባ ነው። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው በዛ፤ ስፖንሰሩም፣ ካሜራ አከራዩም፣ ተዋናዩም ግን እዚያው ቀረ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ አፉን አስፈታው፤ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችንን ቀማን ብለው ተቃወሙ። ቅሬታቸው እውነት አለው። ሆኖም የክፍለ ሀገር ሙስሊም ሌላ ቅሬታ አለው። ኢስታንቡል የተቀረጸው ድራማ ውስጥ መስጊድ እናያለን፣ አዛን እንሰማለን፣ ሰዎቹ አሰላሙ ዐለይኩም ሲባባሉ እንሰማለን። አዲስ አበባ የተሠራው ውስጥ ሙስሊም ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ባለሱቅ ነው፤ ያውም ለሁለት ደቂቃ። የጎጃም ሙስሊም ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ ገበሬ፣ የቁርኣን አስተማሪ በዋና ገጸ ባሕርይነት የቀረበበት ተከታታይ ድራማ እስከ ዛሬ አላየንም።

በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ብዙ ቤት ሁለት ዲሽ ተከለ። አንዱ ለመካው የቀጥታ ሥርጭት ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ሌላው ለአማርኛው ወደ ምሥራቅ። ቂብላችን ደግሞ በሁለቱ መሐል ወደ ሰሜን ነው። የቤቱ ሰው ሁለቱንም ያያል፤ በሁለቱም ውስጥ ራሱን አያገኝም።

ከአዲስ አበባ መውጣት እንደሚቻል ግን ታይቷል። በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው «እረኛዬ» የገጠሩን ሕይወት ይዞ መጥቶ ከተሜውን ሳይቀር ማያ ፊት አስቀምጧል። ጄሲካ በሽር በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» ሐረር ውስጥ የተሠራ ነው፤ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ታይቷል። ባሕር ዳር ላይ አሚኮ አለ፤ ለኛ ከአዲስ አበባ እጅግ ይቀርባል። ካሜራውስ ቢሆን በየወጣቱ ኪስ ውስጥ ነው።

የሌለው ሰላም ነው። ቀረጻ ማለት ሰው ሰብስቦ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ሌሊት መንገድ ላይ መሆን ነው። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግጭቱ ከጀመረ ወዲህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖረናል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ስለ ድራማ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ለኛ ግን የሶሪያን ነገር ያነሳነው ለዚሁ ነው። ደማስቆ ያን ሁሉ ባለሙያ ያጣችው በግብር ቅናሽ ተበልጣ አልነበረም። የኛም ወጣት ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባው፣ ከዚያም ዐረብ አገር የሚያማትረው ሁልጊዜ ለተሻለ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ከተማዋ «የሰላም መንገድ» የሚል ስም የተሰጣት ከጦርነት ማግስት ነበር፤ ስሙን አላህ እውነት ያድርግልን።

ወደ እናቶች ጥያቄ እንመለስ። ይፈቀዳል ወይ ላላችሁን፦ ሶሓባዎችን የሚያስመስለውን ዝጉት፤ ዐውራ የሚገለጥበትን፣ ዝሙት የሚቆነጀበትን ዝጉት፤ የቀረው ሙባሕ ቢሆን እንኳ የዒሻእን ጀመዓና ተራዊሕን ከበላ ለናንተ ሙባሕነቱ አበቃ። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለችው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ ኢፍጣር በልቶ፣ ዕቃ አጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ለሚወጣ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚተርፍ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጥያቄው ግን ከወጣቶችም መጥቷል፤ የነሱን ሳንመልስ ማለፍ አንችልም። በዚህ ረመዳን የአካባቢያችንን አዛውንቶች በስልክ ሊቀርጹ ፈቃድ ጠይቀውናል። መንዙማ የሚያውቁ፣ የመጀመሪያዎቹ መስጊዶች እንዴት እንደተሠሩ የሚያስታውሱ፣ በድሮ ዘመን በእግር ገበያ ወርደው ሲነግዱ ረመዳንን መንገድ ላይ የፈጠሩ አባቶችና እናቶች አሉን። እያንዳንዳቸውን በአሥር በአሥር ደቂቃ ቀርጸው 30 ሌሊት ሊያዳርሱ አስበዋል። ፈቅደናል። ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀምጠናል። እናቶች ካልፈቀዱ መልካቸው አይቀረጽም፤ ድምፃቸው ይበቃል። አዛውንቱ «ይህን አጥፋልኝ» ካሉ ያለ ክርክር ይጠፋል። የጎረቤት ክርስቲያን ሽማግሌ ስለ ሙስሊም ጓደኛቸው የሚያወሩት ካላቸው እሳቸውም ይጠየቁ፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት፣ አላህ ይባርካቸው። ሙዚቃ አይጨመርበት። የዒሻእ አዛን ሲወጣ ደግሞ ስልኩ ይዘጋል፤ የቀረው ነገ ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ።